አሮጌ ኮምፒውተር፣ አዲስ ፕሮሰሰር፣ ሊኑክስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ምሳሌዎቹ በአብዛኛው 775 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ ቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ) ካላቸው የኢንቴል ዴስክቶፖች የተወሰዱ ናቸው፤ ትእዛዞቹ እዚህ በአነባበባቸው ተጽፈዋል፣ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ግን በላቲን ትንንሽ ፊደል ነው የሚገቡት። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕሮሰሰር ስቀይር ሊኑክሱን እንደ አዲስ መጫን አለብኝ?

አያስፈልግም። ዴቢያን፣ ኡቡንቱ ወይም ሚንት ይዞት የሚመጣው ከርነል (የሲስተሙ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ለአንድ ፕሮሰሰር ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ አይደለም። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር ፕሮሰሰሩን ራሱን ጠይቆ ስሙን፣ የኮሩን (ውስጡ ያሉትን የማስሊያ ክፍሎች) ብዛትና የሚያውቃቸውን የትእዛዝ ዓይነቶች ይለያል። ትናንት ፔንቲየም ዲ ላይ ይሠራ የነበረው ዲስክ ዛሬ ኮር ቱ ኳድ ላይ ምንም ሳይነካ ይነሳል። «ፎርማት ካላደረጋችሁት አይሆንም» የሚላችሁ ሰው ካለ አመስግናችሁ እለፉት።

ሁለት ጊዜ ግን ነገሩ ይለያል። አንደኛው የጫናችሁት ሲስተም ባለ 32 ቢት ከሆነ ነው፤ እሱን ከታች እንመለስበታለን። ሁለተኛው ጀንቱን የመሰለ፣ ሁሉም ነገር እዚያው ማሽን ላይ ኮምፓይል የሚደረግበት (ከምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚለወጥበት) ሲስተም ሲሆን ነው። «ማርች» የሚባለው ምርጫ «ኔቲቭ» ተብሎ ከተሞላ ፕሮግራሞቹ የተሠሩት ለአሮጌው ፕሮሰሰር ነው። ከፔንቲየም 4 ወደ ኮር ቱ ስትሻገሩ ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፤ አዲሱ የአሮጌውን ሁሉ ያውቃልና። ኤኤምዲ ላይ ግን ከፊኖም 2 ወደ ኤፍኤክስ ስትሄዱ «ስሪዲናው» የተባለው የድሮ የትእዛዝ ስብስብ ወጥቷል። ስለዚህ ከመቀየራችሁ በፊት በአጠቃላይ ምርጫ እንደገና ኮምፓይል ማድረጉ ይሻላል።

ሶኬቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ፕሮሰሰሩ ይሠራል ማለት ነው?

አይደለም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም እዚህ ላይ ነው። 775 ሶኬት በ2004 ከወጣ በኋላ ፔንቲየም 4፣ ፔንቲየም ዲ፣ ኮር ቱ ዱኦ እና ኮር ቱ ኳድ ሁሉም ተቀምጠውበታል። ቀዳዳው አንድ ይሁን እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ቺፕሴት (ፕሮሰሰሩን ከራምና ከሌሎች ክፍሎች ጋር የሚያገናኘው)፣ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያውና ባዮሱ (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) እያንዳንዳቸው የራሳቸው ወሰን አላቸው። ኮር ቱ ኳዱ ኪው6600 በ1066 ባስ (ፕሮሰሰሩና ቺፕሴቱ የሚነጋገሩበት መስመር) ይሠራል፤ ኮር ቱ ዱኦው ኢ8400 ደግሞ 1333 ይፈልጋል። 945 ቺፕሴት ያለው ቦርድ ከ1066 በላይ እንዲሄድ አልተሠራም። ኪው35 እና ኪው45 ቺፕሴቶች ግን 1333ን ይቀበላሉ፤ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 755 የመጀመሪያውን፣ 780 ሁለተኛውን ይዘዋል።

ሳጥኑን ሳትፈቱ የቦርዱን ስምና የባዮሱን ቁጥር ማወቅ ይቻላል፦ «ሱዱ ዲኤምአይዲኮድ» የሚለውን ትእዛዝ ስጡና «ቤዝ ቦርድ» እና «ባዮስ ኢንፎርሜሽን» የሚሉትን ክፍሎች አንብቡ። ከዚያ የአምራቹን የፕሮሰሰር ዝርዝር ፈልጉ። ዝርዝሩ ላይ ከሌለ አትግዙ። «የጓደኛዬ ላይ ሠርቷል» የሚል ሻጭ ጓደኛው የትኛው ቦርድ እንዳለው አይነግራችሁም።

የቱን ልምረጥ ለሚል፦ ኢ8400 ሁለት ኮር፣ 3.0 ጊጋኸርዝ፣ 65 ዋት ነው፤ ኪው6600 አራት ኮር፣ 2.4 ጊጋኸርዝ፣ እንደ እትሙ 95 ወይም 105 ዋት። ሳጥኑ ጠባብ፣ ፓወር ሰፕላዩ ያረጀ ከሆነ ያለ ማመንታት ኢ8400። ኮምፓይል የምታደርጉ ወይም ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከፍታችሁ የምትውሉ ከሆነ ኳዱ ያዋጣል። ማሽኑ አሁንም የሚሠራው በድሮው ተሽከርካሪ ሃርድ ዲስክ ከሆነ ግን ገንዘቡን መጀመሪያ ኤስኤስዲ ላይ አውሉት፤ ልዩነቱ ያኔ ነው በዓይን የሚታየው።

ባዮሱን ማደስ ግድ ነው? መቼ ላድርገው?

ዝርዝሩ ላይ ከፕሮሰሰሩ ስም አጠገብ የባዮስ ቁጥር ከተጻፈና የእናንተ ከዚያ ያነሰ ከሆነ ግድ ነው። ጊዜው ደግሞ አሮጌው ፕሮሰሰር ገና በቦታው ሳለ ነው። አዲሱን ከሰካችሁ በኋላ ባዮሱ ካላወቀው ማሽኑ ላይነሳ ይችላል፤ ያኔ ማደሻውን የምታስኬዱበት መንገድ አይኖርም።

የእነዚህ ዘመን ማደሻዎች በአብዛኛው የዊንዶውስ ወይም የዶስ ፋይሎች ናቸው። ሊኑክስ ብቻ ያለው ሰው ፍሪዶስን (ነፃውን ዶስ) ፍላሽ ላይ ጽፎ፣ ፋይሉን እዚያው ላይ ገልብጦ ከፍላሹ ማስነሳት ይችላል። መብራት ሄድ መጣ በሚልበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ አትሞክሩት። ማደሱ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ መሃል ላይ መብራት ከጠፋ ግን ቦርዱ ላይነሳ ይችላል።

ፕሮሰሰሩን ቀይሬ ስከፍተው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ሊኑክሱ ተበላሽቶ ይሆን?

ሊኑክሱ ገና አልተጠራም። የአምራቹ አርማ ካልታየ ችግሩ ከዲስኩ በፊት ነው። ገመዱን ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ለጥቂት ሰከንድ ተጭናችሁ ያዙ፣ ክብ ባትሪውን (ሲአር2032 የሚባለውን) አውጥታችሁ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ፣ ከዚያ መልሱ። ከሶኬቱ አጠገብ የሚሰካው ባለ 4 እግር የ12 ቮልት ገመድ መሰካቱን እዩ፤ ሂትሲንኩን (ፕሮሰሰሩን የሚያቀዘቅዘውን ብረት) ስትታገሉ እሱን ነቅላችሁ መርሳት የተለመደ ነው። ራሞቹንም አውጥታችሁ መልሱ።

አሁንም ካልሆነ አሮጌውን ፕሮሰሰር መልሱ። በአሮጌው ከተነሳ ጥፋቱ የባዮሱ ወይም የአዲሱ ፕሮሰሰር ነው። በአሮጌውም ካልተነሳ ሶኬቱን መርምሩ። 775 ላይ እግሮቹ ያሉት ፕሮሰሰሩ ላይ ሳይሆን ቦርዱ ላይ ነው፤ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። የስልክ መብራት ከጎን አብርታችሁ በካሜራው አጉልታችሁ ተመልከቱ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ተኝተው መስመር ሠርተው ማብረቅ አለባቸው፤ ከመስመር የወጣች አንዲት እግር ካለች ችግሩ እሷ ናት። በመርፌ ጫፍ ቀስ ብሎ ማቅናት ይቻላል፤ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ግን ለሌላ ይስጥ።

አርማው ይታያል፣ ሊኑክስ መነሳት ይጀምራል፣ ከዚያ ቀጥ ይላል።

መጀመሪያ የሚለውን እንዲነግራችሁ አድርጉ። የግሩብ (ሊኑክስን የሚያስነሳው ፕሮግራም) ምርጫ ሲመጣ «ኢ» የሚለውን ፊደል ተጫኑ (ምርጫው ካልመጣ ማሽኑ ሲነሳ ሺፍት ተጭናችሁ ያዙ)፣ «ሊኑክስ» ብሎ በሚጀምረው መስመር መጨረሻ ላይ ያሉትን «ኳየት» እና «ስፕላሽ» የሚሉ ቃላት አጥፉ፣ በኤፍ10 አስነሱት። አሁን ጽሑፍ ይወርዳል። ሲቆም የመጨረሻዎቹን መስመሮች ፎቶ አንሱ፤ ከማንኛውም ግምት የሚበልጠው ይህ ፎቶ ነው።

ዲስኩን አላገኘሁም ብሎ «ኢኒትራምኤፍኤስ» የሚል ጥቁር መጻፊያ ላይ ካደረሳችሁ ፕሮሰሰሩን ተዉት። ባትሪውን ስታወጡ ባዮሱ ወደ ፋብሪካ ምርጫው ተመልሶ የሳታ (የዲስኩ መገናኛ) አሠራሩን ኤኤችሲአይ ከሚባለው ወደ ሌላ ቀይሮት ይሆናል። ገብታችሁ እንደነበረው መልሱት። ጽሑፉ ሁሉ አልፎ የሚጠፋው የዴስክቶፑ ሥዕል ሊመጣ ሲል ከሆነ ደግሞ «ኖሞድሴት» የሚለውን በዚያው መስመር ጨምራችሁ ሞክሩ፤ ነገሩ የግራፊክስ ነው።

ፕሮሰሰሩን በእርግጥ የምትጠረጥሩ ከሆነ በመስመሩ ላይ «ማክስሲፒዩስ» ብላችሁ የእኩል ምልክትና 1 አስከትሉ። በአንድ ኮር የሚነሳ፣ በሁሉም ኮር የማይነሳ ማሽን የባዮስ ወይም የኤሌክትሪክ አቅርቦት ችግር አለበት።

ባለ አራት ኮር ገዝቼ ሊኑክስ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ያሳየኛል። ተታልዬ ነው?

«ኤልኤስሲፒዩ» ብላችሁ ጻፉና የሞዴሉን ስም አንብቡ። ስሙ ኪው6600 ብሎ ኮሩ ካነሰ አልተታለላችሁም። ስሙ ራሱ ሌላ ከሆነ ተታልላችኋል። ፕሮሰሰሩ ክዳን ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍም ማመሳከር ይቻላል፦ የኪው6600 ሁለተኛው፣ 95 ዋት የሆነው እትም «ኤስ-ኤል-ኤ-ሲ-አር»፣ የመጀመሪያው ባለ 105 ዋቱ ደግሞ «ኤስ-ኤል-9-ዩ-ኤም» የሚል ምልክት አለው።

ስሙ ትክክል ከሆነ «ፕሮክ» ማውጫ ውስጥ ያለውን «ሲኤምዲላይን» ፋይል በ«ካት» አንብቡ። ከርነሉ የተነሳበት መስመር እዚያ አለ። ባለፈው ጥያቄ የሞከራችሁት የኮር ገደብ፣ ወይም ከዓመታት በፊት ለሌላ ችግር ተብሎ የገባ «ኤሲፒአይ ኦፍ» ወይም «ኖኤስኤምፒ» እዚያ ተቀምጦ ይሆናል። ኤሲፒአይ ሲዘጋ ከርነሉ ሌሎቹን ኮሮች የሚያገኝበት ሰንጠረዥ አብሮ ይዘጋል፤ ስለዚህ አንድ ኮር ብቻ ቢቀር አይገርምም። ቋሚው ምርጫ ያለው «ኢቲሲ» ውስጥ «ዲፎልት» ማውጫ ስር «ግሩብ» በሚባለው ፋይል ነው፤ አስተካክላችሁ «አፕዴት ግሩብ» በሉ (በትእዛዙ ሁለቱ ቃላት መካከል ሰረዝ አለ)።

መስመሩ ንጹሕ ከሆነ ባዮሱ ውስጥ ግቡ። አንዳንድ የቢሮ ማሽኖች ብዙ ኮርን የሚከፍትና የሚዘጋ ምርጫ አላቸው።

2.4 ጊጋኸርዝ ብዬ የገዛሁት 1.6 ያሳያል።

ሥራ ሲፈታ እንደዚያ ነው የሚሆነው። ኪው6600 በ266 ሜጋኸርዝ ምት በ9 ተባዝቶ 2.4 ይደርሳል፤ ሥራ ሲያጣ ማባዣውን ወደ 6 አውርዶ 1.6 ላይ ይቀመጣል። ኤሌክትሪክ ቆጠበላችሁ እንጂ አልተሰረቃችሁም። ለማረጋገጥ በአንድ ተርሚናል ከባድ ሥራ አስጀምሩ፣ በሌላው «ፕሮክ» ውስጥ ያለውን «ሲፒዩኢንፎ» እያነበባችሁ የሜጋኸርዙን መስመር ተከታተሉ። ሥራው እንደጀመረ ቁጥሩ መዝለል አለበት።

ሥራ በዝቶበትም ካልተነቃነቀ ሦስት ነገር ይጠረጠራል። የፍጥነት አስተዳዳሪው «ፓወርሴቭ» ላይ ተቆልፎ ይሆናል፤ ወይም ፕሮሰሰሩ ከሙቀት የተነሳ ራሱን እያዘገመ ነው፤ ወይም ባዮሱ ፕሮሰሰሩን በደንብ ስላላወቀው በዝቅተኛው ማባዣ ትቶታል። ኢ8400 ገዝቶ ሁልጊዜ 2.4 የሚያይ ሰው ግን ሒሳቡን ይሥራ፦ ማባዣው 9 ነው፣ በ333 ምት 3.0 ይሆናል፣ በ266 ደግሞ 2.4። ቦርዱ 1333 ባስን አልቻለም ማለት ነው። ሊኑክስ ውስጥ የሚስተካከል ነገር የለውም።

ፋኑ ይጮኻል፣ ማሽኑ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ይንቀራፈፋል ወይም ይጠፋል።

«ኤልኤም ሴንሰርስ» የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑና «ሴንሰርስ» በሉ። ቁጥር ካልመጣ «ኮርቴምፕ» የሚለውን ሞጁል በ«ሞድፕሮብ» ጥሩ። ከዚያ የከርነሉን መዝገብ በ«ዲሜሴጅ» (ፊደሎቹ ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ ናቸው) ከፍታችሁ ሙቀቱ ከወሰን በማለፉ የፕሮሰሰሩ ምት እንደተቀነሰ የሚናገር መስመር ፈልጉ። ያ መስመር ካለ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም፤ ሂትሲንኩ በትክክል አልተቀመጠም። ያለ ሥራ 40 እና 50 ዲግሪ አካባቢ፣ በሥራ ጊዜ 60ዎቹና 70ዎቹ ውስጥ ከሆነ ተረጋጉ። 80ን አልፎ ከወጣ ክፈቱት።

የኢንቴሉ ፋን አራት የፕላስቲክ ጫማዎች አሉት። በማዕዘን እየተሻገራችሁ (አንዱን ከላይ በግራ፣ ቀጣዩን ከታች በቀኝ) ቀጭ እስኪሉ ተጫኑ። አንዱ ሳይገባ ከቀረ ሂትሲንኩ በአንድ ጎን ያዘነብላል፤ በዓይን አይታወቅም፣ በሙቀቱ ግን ይታወቃል። ቦርዱን ከጀርባው ስታዩት አራቱም ጫፎች ተሰንጥቀው መውጣት አለባቸው። የደረቀውን ቴርማል ፔስት በአልኮል ጠርጋችሁ የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ አድርጉ።

45 ናኖሜትር የሆኑት፣ እንደ ኢ8400 ያሉት፣ ሴንሰራቸው ዝቅተኛ ሙቀት ላይ የሚደርቅ አላቸው። ያለ ሥራ አንዱ ኮር 38 ሌላው 46 ላይ ቆሞ አልንቀሳቀስ ቢል ሴንሰሩ ነው፣ አትጨነቁ። ሲሞቅ የሚሰጠው ቁጥር ነው የሚታመነው።

ሰዓቱ ተዛባ፣ ድረ ገጾች አይከፈቱም፣ «አፕት» ዝመና እምቢ አለ።

ባትሪውን አውጥታችኋል፣ ወይም ባትሪው አልቋል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ሲመለስ የድረ ገጾቹ ሰርተፊኬት ገና ያልጀመረ ይመስላል፤ ፕሮግራም የሚጭነውና የሚያድሰው «አፕት»ም የዝመና ዝርዝሩ ጊዜው ገና እንዳልደረሰ ይናገራል። ኢንተርኔቱ ተበላሸ ብሎ ቴሌ ጋ የሚደውል አለ። «ታይምዴትሲቲኤል» ብላችሁ ቀኑን እዩ። ቀኑ ቦርዱ የተሠራበት ዓመት ላይ ሳይሆን ሌላ ቅርብ ቀን ላይ ቢቆም አትገረሙ፤ ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሌሎቹን አገልግሎቶች የሚያስጀምረው ፕሮግራም) ሰዓቱ ከራሱ መሠሪያ ቀን በታች ሆኖ ሲያገኘው ወደዚያ ያነሳዋል። ሰዓቱን አስተካክላችሁ የኔትወርክ ሰዓቱን ክፈቱ፣ ባትሪውን ቀይሩ።

ልዩነቱ በትክክል 3 ሰዓት ከሆነና አጠገቡ ዊንዶውስ ካለ ባትሪው ንጹሕ ነው። ዊንዶውስ የቦርዱን ሰዓት የአዲስ አበባ ሰዓት አድርጎ ይወስደዋል፣ ሊኑክስ ደግሞ የግሪንዊች፤ እየተፈራረቁ ይቀይሩታል።

ሲስተሜ ባለ 32 ቢት ነው። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት ስለሆነ ራሱ ይቀየራል?

አይቀየርም። «ዩኔም» ብላችሁ ክፍተት፣ ሰረዝና «ኤም» ጨምሩ፤ «አይ686» ካለ ከርነሉ 32 ቢት ነው። ባለ 32 ቢቱ ያለ ችግር ይሠራል፣ ግን መንገዱ እየጠበበ ነው፦ ኡቡንቱና ዋናው ሚንት ትተውታል፣ ዴቢያን 13 ደግሞ በ2025 ሲወጣ ለ32 ቢት ማሽን የሚሆን መጫኛ አላዘጋጀም። አንድ ቀን መቀየራችሁ ካልቀረ አሁን ፕሮሰሰሩን ስትቀይሩ «ሆም» ማውጫችሁን ገልብጣችሁ ባለ 64 ቢቱን አዲስ ጫኑ። ሳይጭኑ ከውስጥ የመቀየር ዘዴ አለ፤ ለሚወደው ሰው ጥሩ የእሑድ መዋያ ነው፣ ማሽኑን ለሥራ ለሚፈልግ ግን አይመከርም።

አንድ ወጥመድ፦ 945 ቺፕሴት ያለው ቦርድ ላይ 4 ጊጋባይት ራም ሰክታችሁ፣ ባለ 64 ቢት ሊኑክስም ጭናችሁ 3.2 አካባቢ ብቻ ሊታይ ይችላል። ቺፕሴቱ ከ4 ጊጋ በላይ አድራሻ መስጠት ስለማይችል ለካርዶቹና ለባዮሱ የተያዘው ክፍል ከራሙ ላይ ይቀነሳል። ኪው35 ላይ ይህ የለም፤ እስከ 8 ጊጋ ይቀበላል።

አንድ ፕሮግራም ስከፍት «ኢሊጋል ኢንስትራክሽን» ብሎ ይዘጋል። ፕሮሰሰሩ ተበላሽቷል?

አልተበላሸም፤ ፕሮግራሙ ፕሮሰሰሩ የማያውቀውን ትእዛዝ አዘዘው። ይህ ጥያቄ እየበዛ የመጣው በጥቅምት 2025 የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ሲያበቃ ብዙ ሰው አሮጌ ማሽኑን ወደ ሊኑክስ ስላዞረ ነው። ከ2020 ጀምሮ የ64 ቢት ፕሮሰሰሮች በደረጃ ተከፍለዋል። መነሻው የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ «ቪ2» የሚባለው ከሌሎች መካከል ኤስኤስኢ4.2 እና «ፖፕካውንት» የተባሉ ትእዛዞችን ይጠይቃል፤ «ቪ3» ደግሞ ኤቪኤክስ2ን። ኪው6600 ከኤስኤስኤስኢ3 አያልፍም። ኢ8400 እና የ9000 ተከታታይ ኳዶች ኤስኤስኢ4.1 ላይ ይቆማሉ። ኤስኤስኢ4.2 የመጣው በ2008 መጨረሻ ከመጀመሪያዎቹ ኮር አይ7ዎች ጋር ነው። ስለዚህ 775 ሶኬት ላይ የሚቀመጥ የትኛውም ፕሮሰሰር፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ «ቪ2»ን አያሟላም። የኤኤምዲው ፊኖም 2ም «ፖፕካውንት» ኖሮት ሌሎቹ ስለሚጎድሉት አይደርስም።

ይህ በተግባር ምን ማለት ነው? ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 9 እና እሱን የሚከተሉት ሮኪ 9 እና አልማ 9 «ቪ2»ን ይጠይቃሉ፤ እነዚህ ማሽኖች ላይ ገና ሲነሱ «ጂሊብሲ» (ፕሮግራሞች ሁሉ የሚመኩበት መሠረታዊ ላይብረሪ) ሲፒዩው አይበቃም ብሎ ያቆማቸዋል። ሬድ ሃት 10 ወደ «ቪ3» ወጥቷል። ዴቢያን 12፣ ዴቢያን 13 እና ኡቡንቱ 24.04 ግን ከመጀመሪያው ደረጃ ይነሳሉ። ለ775 ማሽን ከሬድ ሃትና ከተከታዮቹ ይልቅ ዴቢያንን ወይም በእሱ ላይ የተሠራውን ምረጡ።

ሲስተሙ ተነስቶ አንድ ፕሮግራም ብቻ የሚወድቅ ከሆነ ፕሮግራሙ በቀጥታ ከአምራቹ የወረደ መሆኑን እዩ። ሞንጎዲቢ ከ5.0 ጀምሮ ኤቪኤክስ ይፈልጋል፤ በፓይዘን የሚጫነው ቴንሰርፍሎውም ከ1.6 ጀምሮ እንዲሁ። ኤቪኤክስ የመጣው በ2011 ነው። የትኛው እንዳላችሁ ለማወቅ «ኤልኤስሲፒዩ» ከታች «ፍላግስ» በሚለው መስመር ይዘረዝረዋል። መፍትሔው ያንን ፕሮግራም ራስን ኮምፓይል ማድረግ ወይም ሌላ መጠቀም ነው። ለትምህርት ዳታቤዝ የፈለገ ተማሪ ፖስትግሬስን ከዴቢያን ማከማቻ ቢጭን በዚህ ማሽን ላይ ያለ ጭቅጭቅ ይሠራለታል።

ቨርቹዋል ማሽን መፍጠር እፈልጋለሁ፤ «ኬቪኤም» (ሊኑክስ ቨርቹዋል ማሽን የሚያስኬድበት ክፍል) አልነሳ አለ።

ፍላግሶቹ ውስጥ «ቪኤምኤክስ» የሚለውን ፈልጉ። ከሌለ ፕሮሰሰሩ የለውም፦ ኢ5200 እና ኪው8200 ለምሳሌ ያለዚህ የወጡ ናቸው። ኢ8400 እና ኪው6600 አላቸው። ፍላጉ ኖሮ «ዲሜሴጅ» ላይ በባዮስ ተዘግቷል የሚል ካነበባችሁ ባዮሱ ውስጥ «ቨርቹዋላይዜሽን» የሚለውን ክፈቱና ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጥፉ። ገመዱን ነቅላችሁ መልሱ፤ ሪስታርት ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ማይክሮኮድ የሚባለው ያስፈልገኛል?

ያስፈልጋል። ማይክሮኮድ የፕሮሰሰሩን የውስጥ ስህተት የሚያርም፣ ማሽኑ በተነሳ ቁጥር የሚጫን ማስተካከያ ነው። ባዮሱ ለሚያውቀው ፕሮሰሰር ራሱ ይጭናል፤ ባዮሱ አሮጌ፣ ፕሮሰሰሩ አዲስ ሲሆን ግን ክፍተት ይፈጠራል። ሊኑክስ ይህን ሊሞላ ይችላል፦ «ኢንቴል ማይክሮኮድ» የሚለውን ፓኬጅ ጫኑ። ዴቢያን 12 ላይ ፓኬጁ ያለው «ነንፍሪ ፈርምዌር» በሚባለው ክፍል ነው፤ የማከማቻ ዝርዝሩ ውስጥ ካልጨመራችሁት አይገኝም። ከሪስታርት በኋላ «ዲሜሴጅ» ላይ «ማይክሮኮድ» ብላችሁ ፈልጉ።

በጥር 2018 ይፋ ለሆኑት የፕሮሰሰር የደኅንነት ክፍተቶች፣ ለስፔክተርና ሜልትዳውን፣ ግን አትጠብቁ። ኢንቴል በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለ45 ናኖሜትሮቹ ኮር ቱዎች ማስተካከያ እንደማያወጣ አስታውቋል። ከርነሉ በራሱ የሚችለውን ይከላከላል፤ የሚከላከለውን «ቨልነረቢሊቲስ» የሚባለው ማውጫ ይዘረዝረዋል፣ አንዳንዱ ላይ ማይክሮኮድ የለም የሚል ታያላችሁ። መከላከያዎቹን ሁሉ በ«ሚቲጌሽንስ ኦፍ» ዘግቶ ፍጥነት ማግኘት ይቻላል። ብሮውዘር የሚከፈትበት፣ የባንክ ሒሳብ የሚታይበት ማሽን ላይ አታድርጉት።

አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ፕሮግራሞች ያለ ምክንያት ይወድቃሉ። ከየት ልጀምር?

ወድቆ የሚነሳው ሁልጊዜ አንድ ፕሮግራም ከሆነ ሶፍትዌሩን ጠርጥሩ። ዛሬ ፋየርፎክስ፣ ነገ «አፕት»፣ ከነገ ወዲያ ከርነሉ ራሱ ከሆነ ሃርድዌር ነው። የታወቀው ምልክት ትልቅ ፕሮግራም ኮምፓይል ስታደርጉ ነው፦ ኮምፓይለሩ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ «ሲግናል 11» ብሎ ከወደቀና ደግማችሁ ስታስጀምሩት ያንን ቦታ አልፎ ሌላ ቦታ ላይ ከወደቀ፣ ኮዱ ላይ ያለ ስህተት እንዲህ አይዞርም።

ፕሮሰሰሩን ከመወንጀላችሁ በፊት ራሙን ፈትሹ። «ሜምቴስት86ፕላስ» ዴቢያን ማከማቻ ውስጥ አለ፤ ሲጫን ግሩብ ምርጫ ላይ ይገባል። አዳሩን ተዉት። አንድም ስህተት ቢያሳይ ራሞቹን አንድ በአንድ እያወጣችሁ ለዩ። ባሱ ሲፈጥን ቺፕሴቱና ራሙም የሚሠሩበት ምት ሊቀየር ስለሚችል በአሮጌው ፕሮሰሰር ጤነኛ የነበረ ራም አሁን ሊሳሳት ይችላል። ከዚያ «ዲሜሴጅ» ላይ «ሃርድዌር ኤረር» ወይም «ማሽን ቼክ» የሚሉ መስመሮች ካሉ እዩ፤ እነዚህን ስህተቶች ለከርነሉ የሚያሳውቀው ፕሮሰሰሩ ራሱ ነው።

ሁለቱም ንጹሕ ከሆኑ ዓይናችሁን ወደ ኤሌክትሪኩ መልሱ። ሶኬቱ ዙሪያ የቆሙት ትንንሽ ሲሊንደሮች አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ያበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ የተፋ ካለ ቦርዱ 65 ዋቱን ፕሮሰሰር ይችል ነበር፣ 105ቱን ግን አልቻለም። ፓወር ሰፕላዩም እንዲሁ፤ ከሌላ ማሽን አውጥታችሁ በመለዋወጥ ማረጋገጥ ቀላል ነው።

ኦፕንቢኤስዲ ላይ አራት ኮር ሰክቼ አንድ ብቻ ያያል፤ ሊኑክስ ግን አራቱንም ያያል።

ኦፕንቢኤስዲ ከሊኑክስ የተለየ ሲስተም ነው፤ ሁለት ከርነል አለው፦ ለአንድ ኮር የተሠራው «ቢኤስዲ» እና ለብዙ ኮር የተሠራው «ቢኤስዲ ነጥብ ኤምፒ»። መጫኛው የትኛውን እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው በተጫነበት ሰዓት ባየው ፕሮሰሰር ነው። ባለ አንድ ኮር ፔንቲየም 4 ላይ ከተጫነ ባለ አንድ ኮሩ ተቀምጧል፣ ፕሮሰሰሩ ሲቀየር ራሱ አይለወጥም። የመጫኛውን ፍላሽ አስነስታችሁ «አፕግሬድ» ምረጡ፣ የፋይሎቹ ዝርዝር ላይ ባለ ብዙ ኮሩ መመረጡን አረጋግጡ። ሊኑክስን ሲጠቀሙ የቆዩ ሰዎች እዚህ ላይ የሚደናገሩት በሊኑክስ ይህ ልዩነት ለ64 ቢት ከርነሎች ስለሌለ ነው።

ሃይፐርስሬዲንግ (አንዱን ኮር እንደ ሁለት የሚያሠራ ዘዴ) ባለው ፕሮሰሰር ደግሞ ኦፕንቢኤስዲ ከ2018 ጀምሮ ግማሾቹን ሆን ብሎ ይዘጋል፤ ለደኅንነት ተብሎ ነው። «ሲስሲቲኤል» ላይ «ኤችደብልዩ ነጥብ ኤስኤምቲ» የሚለውን ወደ 1 መቀየር ይከፍታቸዋል። ኮር ቱ ኳድ ሃይፐርስሬዲንግ ስለሌለው እሱን አይመለከትም።

የሰርቨር ዚዮን ፕሮሰሰር በስቲከር አስተካክለው ይሸጣሉ። ሊኑክስ ላይ ይሠራል?

የ771 ሶኬት ዚዮኖች፣ ለምሳሌ ባለ 3.0 ጊጋኸርዙና 80 ዋቱ ኢ5450፣ ጥቂት መገናኛዎችን በሚያቀያይር ቀጭን ስቲከርና ሶኬቱ ጎን ያሉትን ሁለት ጥርሶች በመቁረጥ 775 ላይ ይቀመጣሉ። ሊኑክስ ራሱ ግድ የለውም፤ «ኤልኤስሲፒዩ» ዚዮን ብሎ ስሙን ጽፎ ይሠራል። እንቅፋቱ ባዮሱ ነው። የዚዮኑ ማይክሮኮድ ባዮሱ ውስጥ ከሌለ አንዳንዱ ቦርድ ያልታወቀ ፕሮሰሰር ብሎ ያልፋል፣ አንዳንዱ ፈጽሞ አይነሳም። ካለፈ ቀሪውን የሊኑክሱ ማይክሮኮድ ፓኬጅ ይሞላል፤ ካላለፈ ሊኑክስ ሊረዳችሁ የሚችልበት ቦታ ላይ አልደረሳችሁም።

የተቆረጠው የሶኬት ጥርስ አይመለስም። የቢሮ አምራቾች ቦርዶች ባዮሳቸው የተዘጋ ስለሆነ ይህን አይወዱም፤ ጊጋባይት ወይም አሱስ ቦርድ ከፒ35 ወይም ፒ45 ቺፕሴት ጋር ያለው ሰው ግን የተሻለ ዕድል አለው። ስቲከሩ በግማሽ ሚሊሜትር ቢሳት ማሽኑ አይነሳም፤ ሲነቅሉት ደግሞ ይቀደዳል፣ ስለዚህ ሁለት ግዙ።